ስቶይክ መሆን ማለት አለማልቀስ ነው እንዴ?

ባጃጅ_ማራኪ ፦ ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ አልጽፍም፣ አነባለሁ እንጂ። ዛሬ ግን ልጠይቅ።

ጎንደር ውስጥ ባጃጅ ነው የምሠራው። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን መዋል ልማድ ሆኗል፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ቪዲዮ አያለሁ። ሰሞኑን ስቶይክ ስለሚባሉ የጥንት ፈላስፎች የሚያወሩ ቪዲዮዎች በዝተውብኛል። የድንጋይ ሐውልት፣ ጥቁር ስክሪን፣ ወፍራም ድምፅ። ምንም አይንካህ፣ ማንንም አትጠብቅ፣ ስሜትህን አታሳይ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ወድጄው ነበር።

አባቴ ካረፈ አራት ወር ሆነው። ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። አጎቶቼ "በርታ፣ እንግዲህ የቤቱ ምሰሶ አንተ ነህ" አሉኝ። በረታሁ። ድንኳን አስተከልኩ፣ ወንበር ቆጠርኩ፣ እንግዳ አስተናገድኩ። በሰልስቱ ማግስት ሥራ ገባሁ። ሰው ሁሉ "ቻይ ልጅ ነው" አለኝ። ደስ ብሎኝም ነበር መሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስልኬን ሰረቁኝ። ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሽንኩርት ጭና የተሳፈረች ሴት ነበረች። እሷ ላይ ጮህኩባት። ምንም ያላደረገች ሴትዮ! እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሂሳብ እንኳ ሳልቀበላት መንገድ ላይ አውርጃት ሄድኩ።

ለአባቱ ያላለቀሰ ሰው ለስልክ እንዲህ የሚሆነው ምን ዓይነት ነገር ነው? ነገሩ ሳይገባኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ የማልረባው?

---

በረንዳ_ላይ ፦ ሰኞ፣ ማታ 3፡52

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጥናህ።

መምህር ነኝ፣ ስለነዚህ ሰዎች ትንሽ አንብቤያለሁ። ቪዲዮዎቹን ለጊዜው ተዋቸው። ስቶይክ የሚለው ስም የመጣው ከበረንዳ ነው፤ እኔም ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ዜኖ የሚባል የቆጵሮስ ሰው ነጋዴ ነበር ይባላል። መርከቡ ሰጠመች፣ ሸቀጡን ባሕር በላው። አቴና ገብቶ ፍልስፍና ተማረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ደግሞ ራሱ ማስተማር ጀመረ። አዳራሽ አልነበረውም። ገበያው ዳር ባለ፣ ግድግዳው ሥዕል በተሳለበት በረንዳ ላይ ነበር የሚያስተምረው። በረንዳው በነሱ ቋንቋ "ስቶአ" ነው። እንግዲህ ስቶይክ ማለት የበረንዳ ሰው ማለት ነው። ከገበያ ጫጫታ አጠገብ የተወለደ ትምህርት እንጂ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ለሚኖር ሰው የተበጀ አይደለም።

ከሁሉም ለእኔ የሚቀርበኝ ኤፒክቴተስ ነው። ባሪያ ሆኖ ያደገ፣ እግሩ የሚያነክስ ሰው። በኋላ ነፃ ወጣና ሮም ላይ አስተማረ። ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚቲያን ፈላስፎችን ሲያባርር ግሪክ አገር ኒቆጶሊስ ሄዶ እዚያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ራሱ አንድ መስመር አልጻፈም። የደረሰን አርያን የሚባል ተማሪው የያዘው ማስታወሻ ነው። የትምህርቱ መነሻ አጭር ነው፦ በእጃችን ያለ ነገር አለ፣ በእጃችን የሌለ ነገር አለ። አስተያየታችን፣ ምርጫችን፣ ጥረታችን የኛ ናቸው። ጤና፣ ንብረት፣ ስም፣ የሌላው ሰው ጠባይ የኛ አይደሉም።

ስልክህን ስታነሣ አንድ ታሪኩ ትዝ አለኝ። ቤቱ የብረት መብራት ነበረው። አንድ ሌሊት ኮሽታ ሰምቶ ወርዶ ቢያይ መብራቱ የለም፣ ሌባ ወስዶታል። "ነገ የሸክላ መብራት እገዛለሁ" አለ። ሰው የሚያጣው ያለውን ነው አለ፣ በቃ። የሚያስቀው፣ እሱ ከሞተ በኋላ ያንን የሸክላ መብራት አንድ ሰው በ3,000 ድራክማ ገዛው ይባላል። መብራቱን ሲያበራ ጥበቡም አብሮ የሚበራለት መስሎት!

ስልክ በስልክ ይተካል ወንድሜ።

---

ባጃጅ_ማራኪ ፦ ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ጋሼ አመሰግናለሁ። ግን ለስልኩ አይደለም። ስልኩ አሮጌ ነው፣ ስክሪኑም የተሰነጠቀ።

አባቴ ታሞ ተኝቶ ሳለ የቀዳሁት ድምፁ ነበረበት። ስለ ልጅነቱ ሲያወራ፣ 11 ደቂቃ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም።

---

በረንዳ_ላይ ፦ ሰኞ፣ ማታ 4፡11

ይቅርታ አድርግልኝ። ቸኩዬ ነው። የሸክላ መብራቱን መልሼዋለሁ።

---

እትዬ_ቡና ፦ ሰኞ፣ ማታ 4፡40

ልጄ፣ እኔ ፍልስፍና አላውቅም። ስልክ ላይ መጻፍ ያስተማረችኝም የልጅ ልጄ ናት፣ ፊደል ብሳሳት እሷን ውቀሱ።

አንተን ያመመህ "ሆድ ይፍጀው" ነው። እኛ ጎንደሬዎች ይህን ቃል እንወደዋለን። ሰው በደለን፣ ሆድ ይፍጀው። ባል ሰከረ፣ ሆድ ይፍጀው። ልጅ ሞተ፣ ሆድ ይፍጀው። ሆድ ግን አይፈጅም። ያስቀምጣል። ጊዜውን ጠብቆ ደግሞ ያወጣዋል፣ ያውም በማይሆን ሰው ላይ። ያቺ ባለ ሽንኩርት የቆመችው ያ ሁሉ ሲገነፍል ነው።

ሆደ ሰፊ መሆን ሌላ ነገር ነው። ሆደ ሰፊ ሰው ይሰማዋል፣ ያውቀዋል፣ ቦታ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ያልፈዋል። ሆድ ይፍጀው ባዩ ግን ገና ሳይሰማው ክዳን ይደፋበታል። ሁለቱ ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ለዚህ ነው ሰው "ቻይ ነው" ብሎ ያመሰገነህ፤ የውስጡን ማን ያያል?

እኔ የመጀመሪያ ልጄን ቀብሬያለሁ። ያን ጊዜ አልቃሽ ነበረች፣ ሙሾ የምታወርድ። ስሙን እየጠራች፣ አካሄዱን፣ ሳቁን፣ አንድ በአንድ። ሳላስበው የቆለፍኩትን ሁሉ አስከፈተችኝ። ዛሬ ዛሬ "ይህ ያረጀ ነው" እያሉ ዝም ብለው ካርታ የሚጫወቱበት ለቅሶ አለ። ካርታውን አልጠላም፣ ሌሊቱን ያሳጥራል። ግን ለቅሶ ቤት ሄዶ ሳያለቅሱ መመለስ ምን ይሉታል? ስሙም እኮ ለቅሶ ነው።

የፈረንጆቹ አስተማሪዎች አታልቅስ የሚሉ ከሆነ፣ እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ፣ እነሱ በረንዳቸው ላይ ይቆዩ።

---

ጨው_ተራ ፦ ሰኞ፣ ማታ 4፡58

እትዬ ቡና፣ ፊደልዎ ከኔ ይሻላል።

---

በረንዳ_ላይ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

እትዬ፣ አታልቅስ አይሉም። ያሉም ቢኖሩ ሁሉም አይደሉም። ሴኔካ የሚባለው ስቶይክ፣ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የኔሮ አስተማሪ የነበረው፣ ወዳጁ ለሞተበት ሰው የጻፈው ደብዳቤ አለ። ዓይንህ አይድረቅ፣ እንባም አያጥለቅልቅህ፤ እንባ ይሁን፣ ዋይታ ግን አይብዛ ነው የሚለው። ከዚያ እዚያው ደብዳቤ ላይ ያጋልጣል፦ ይህን የምመክርህ እኔ ራሴ ለወዳጄ ለሴሬኑስ ከልክ በላይ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፣ ሐዘን ካሸነፋቸው ሰዎች አንዱ ነኝ ይላል። ምክንያቱንም ይናገራል። ወዳጁ በዕድሜ ከሱ ያነሰ ስለነበር ከኔ በፊት ይሞታል ብሎ አስቦ አያውቅም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ሴኔካን የወደድኩት። እስከዚያ ድረስ ሀብታም ሆኖ ስለ ድህነት የሚሰብክ ሰው ይመስለኝ ነበር። አሁንም ትንሽ ይመስለኛል።

ስለ እጅህ መንቀጥቀጥ ደግሞ አንድ ታሪክ ልጨምር። አንድ የታወቀ የስቶይክ መምህር በመርከብ ሲጓዝ ማዕበል ተነሣ። ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ። የመምህሩም ፊት ነጣ። ነፋሱ ሲቆም አንድ ሀብታም ተሳፋሪ አላገጠበት፦ እኔ አልደነገጥኩም፣ አንተ ፈላስፋው ደነገጥክ! ኋላ ሌላ ሰው ቀርቦ በቅንነት ሲጠይቀው የኤፒክቴተስ ትምህርት ያለበትን መጽሐፍ ከከረጢቱ አወጣለት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ድንጋጤ፣ የፊት መንጣት፣ የልብ ምት፣ የሰው ፈቃድ አይደለም፤ ጠቢብም ይደነግጣል። ከድንጋጤው ቀጥሎ ሐሳብ ይመጣል፦ "አለቀልኝ፣ ጠፋሁ" የሚል። ከዚያ ሐሳብ ጋር መስማማት ወይም አለመስማማት ነው የሰው ድርሻ።

ስለዚህ እጅህ መንቀጥቀጡ ያንተ አይደለም። ሌባውም ያንተ አይደለም። የአባትህ ሞትም ያንተ አይደለም። ከዚያ ቀን ሁሉ ያንተ የነበረው አንድ ነገር ነው፣ ሴትዮዋ ላይ የጮህከው ጩኸት። ጨከንኩ አትበለኝ፤ አንተው ራስህ ስላነሣኸው ነው።

---

ባጃጅ_ማራኪ ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡34

አልጨከኑም። ከሁሉም እሷ ናት ሌሊት የምትመጣብኝ።

---

ኮርኳሪው ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 6፡15

ሰላም። ይቅርታ ግን ልቆረቁራችሁ ነው።

ይህ የትዕግስት ወሬ ሁልጊዜ የሚጠቅመው ማንን ነው? እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በኮንትራት ስሠራ አምስት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም። ኃላፊው በየወሩ የሚለኝ "ትንሽ ታገሥ፣ ሰው በትዕግስት ነው የሚያድገው" ነበር። እሱ በደመወዙ ላይ ሆኖ! "ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ሎሌ ይግዛህ" የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን እኮ። ተረቱን ያወጣው ገዢው ይመስለኛል።

ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ "ውስጤ ነፃ ነው" ማለቱ ለጌታው ምንኛ ተመቸው! ማርቆስ አውሬሊዮስ የሚባለው ሌላው ስቶይክ ደግሞ የሮም ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ስለ መቻል ጻፈ። አንዱ ምርጫ የለውም፣ ሌላው ችግር የለውም። መሐል ላይ ያለን እኛስ?

---

ታሪክ_ቀማሽ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 7፡02

ማርቆስ ችግር የለውም ያልከው ላይ አልስማማም። ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. (በነሱ አቆጣጠር) ሲነግሥ ግዛቱን ትልቅ ወረርሽኝ መታው፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ዳኑብ አካባቢ በጦር ሰፈር አሳለፈ። ከአሥር በላይ ልጆች ወልዶ አብዛኞቹን ቀበረ። እነዚያን ማስታወሻዎች የጻፈው ለራሱ ነው፣ ለማንም ሊያሳይ አልነበረም። ሌሊት ራሱን የሚገሥጽ አባት ነው የሚታየኝ።

የኛን ደግሞ እዩ። ዐፄ ቴዎድሮስ እቴጌ ተዋበችን በ1858 (እ.ኤ.አ.) አጡ። በ1860 ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስሉ ፕላውደን እዚሁ ጎንደር አጠገብ ተወግቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ሌላው እንግሊዛዊ ወዳጃቸው ቤልም ተገደለ። ለበቀሉ ስንት ሰው እንዳለቀ ታውቃላችሁ። በ1866 ደግሞ ጎንደር ራሷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ያ ሁሉ በሐዘን ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ ፖለቲካው፣ አመፁ፣ የሠራዊቱ መክዳት ሁሉ አለበት። ግን ተዋበች ከሞተች በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ ብለው ብዙዎች ጽፈዋል። ቦታ ያልተሰጠው ሐዘን ሰይፍ ሲይዝ አገር ያቃጥላል።

---

ቋራ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 7፡06

ካሳን አትንኩብኝ 😄

---

ኮርኳሪው ፦ ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20

ማርቆስም በዚያ ወንዝ ማዶ ያለውን ሕዝብ እየጨፈጨፈ ነው ማታ ማታ ስለ ትሕትና የጻፈው። ዙፋኑን ያወረሰው ለልጁ ለኮሞዶስ ነው፣ የዚያን ክፋት ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ግን ነጥብህ ገብቶኛል።

---

ደምቢያ_ቆላድባ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 12፡45

ለኮርኳሪው። አያቴ የ1953ቱን (እ.ኤ.አ.) የወባ ዘመን ታወራ ነበር። በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው ነው ያለቀው። የሚቀብር ሰው ጠፍቶ ነበር ትላለች። ሕዝቡ ምን አደረገ? ቻለ፣ ጸለየ፣ ቀበረ። ሌላ ምን ይችላል?

ግን በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ ያ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። "በእጃችን ያለ" የሚባለው እንግዲህ እንደ ጊዜው ይሰፋል። ለአያቴ በእጇ የነበረው ቅርጫት ተሸክማ ለታመሙት ምግብ ማድረስ ነበር። ከዓመት በኋላ ለሌላ ሰው በእጁ የነበረው ትምህርት ቤት መክፈት ሆነ። መቻሉና መሥራቱ አልተጣሉም።

ደመወዝህን አምስት ወር ዝም ማለትህ ግን ስቶይክ አይደለም፣ ገንዘብህን መተው ነው። ከፈሉህ ለመሆኑ?

---

ኮርኳሪው ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡02

ክስ መሥርቼ ሦስቱን ወር አገኘሁ። ሁለቱ እስካሁን "በሂደት ላይ" ነው። እና አዎ፣ ክሱን የጻፍኩት ከተናደድኩበት ቀን በኋላ በተረጋጋሁ ጊዜ ነው። በንዴት የጻፍኩት የመጀመሪያው ማመልከቻ ስድብ ብቻ ነበር፣ ጠበቃው ሳቀብኝ።

---

የድጓ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ይህን ክር ሳነብ ሳቄ መጣ። ፈረንጅ የጻፈውን ስትፈልጉ እኛን ረሳችሁን እኮ።

ድጓውን ቤተ ልሔም፣ አቋቋሙን ጎንደር ተምሬያለሁ። ከቤት የወጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ ከደጅ ደጅ ዞሬያለሁ። አንዳንዱ ቤት ቁራሽ ይሰጣል፣ አንዳንዱ "እግዜር ይስጥህ" ብሎ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ውሻ ይለቃል። ሦስቱም በአንድ ጠዋት ይደርሳል። ከዚያ ተመልሰን ያገኘነውን አንድ ላይ እንቀላቅለዋለን። የትኛው ቁራሽ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ማን ያውቃል? የሩኅሩኋም የንፉጓም እንጀራ አንድ ላይ ይበላል።

ሴኔካ ሀብታም ሆኖ ጥቂት ቀን መርጠህ ደረቅ ምግብ ብላ፣ ሻካራ ልብስ ልበስ፣ ከዚያ "የፈራሁት ይህን ኖሯል?" ብለህ ራስህን ጠይቅ ይል ነበር አሉ። ጥሩ ነው። እኛ ሰባት ዓመት ነበርን፣ የቀን ምርጫም አልተሰጠንም።

አሁን ግን ቁም ነገሬን ልናገር። አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር አካባቢ ውሻ ቁርጭምጭሚቴን ነከሰኝ። እያለቀስኩ ሮጬ የኔታ ዘንድ ደረስኩ። ሲያዩኝ ምንም አላሉም። ውሃ አሞቁ፣ ቁስሌን አጠቡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። እስክጨርስ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ፣ እንደ ዋዛ፣ "ውሻው የውሻ ሥራውን ሠርቷል። አንተስ ቀለምህን ይዘሃል?" አሉኝ።

ይህን ንግግር ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ሰው የሚወደው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን ዕድሜዬ ሲገፋ የማስበው ውሃውን ነው። መጀመሪያ አጠቡኝ። "ቀለምህን ይዘሃል" ያሉት ካጠቡኝ በኋላ ነው። አጎቶችህ "በርታ" ያሉህ ሳያጥቡህ ነው ወንድሜ። ክፉ አስበው አይደለም፣ እነሱንም ያጠባቸው የለም።

---

እትዬ_ቡና ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡41

እሰይ! አንተ ልጅ ማነህ? ቤትህ የት ነው? ቡና ጠጣ ና።

---

የድጓ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44

እትዬ፣ አሁን ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ለጥምቀት ስመጣ አቦሉን ይጠብቁኝ።

---

ነርስ_ነኝ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ተረኛ ስለሆንኩ በቁርጥራጭ ነው የምጽፈው።

ለቅሶውን ያልጨረሰ ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ "አዝኛለሁ" አይልም። "ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል" ነው የሚለው። መርምረን ምንም ስናጣ "በቅርቡ ሰው ሞቶብሃል?" ብለን እንጠይቃለን። ወንድ ከሆነ መጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ስለ ሥራ፣ ስለ ነዳጅ። ከዚያ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ "አዎ፣ አባቴ" ይላል።

ጄምስ ግሮስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጥናት አለ። ሰዎች የሚረብሽ ፊልም እንዲያዩ ተደረገ። አንዱ ቡድን ስሜቱን ፊቱ ላይ እንዳያሳይ ተነገረው። ሌላው ነገሩን ራቅ ብሎ፣ በሌላ ዓይን እንዲያየው። የመጀመሪያዎቹ ፊታቸው ጭጭ አለ፣ የተሰማቸው ግን አልቀነሰም፤ ሰውነታቸው እንዲያውም የበለጠ ተጨነቀ። የሁለተኛዎቹ ግን ስሜቱ ራሱ ቀለላቸው። እትዬ ቡና ያሉት ማለት ነው፣ ያለ ላቦራቶሪ።

የዛሬው የንግግር ሕክምናም ከነዚህ በረንዳ ላይ ሰዎች ተበድሯል። አልበርት ኤሊስ ሕክምናውን በ1950ዎቹ ሲጀምር ኤፒክቴተስን እየጠቀሰ ነው፦ ሰውን የሚረብሸው ነገሩ ራሱ አይደለም፣ ስለ ነገሩ ያለው አስተያየት ነው። ይህ ማለት ግን "ሐዘንህ ውሸት ነው" ማለት አይደለም። በሥራዬ የማየው ሰውን የሚያደቅቀው ብዙ ጊዜ ሐዘኑ ሳይሆን በሐዘኑ ላይ የተለጠፈው ፍርድ ነው። "ላለቅስ አይገባኝም ነበር።" "በደንብ አላስታመምኩትም።" "ድምፁን እንኳ መጠበቅ ያልቻልኩ ልጅ።" ባጃጅ ማራኪ፣ ይህችን ሦስተኛዋን ብለሃታል አይደል? ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ስትል ሰምቼሃለሁ።

እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ ይበላልሃል? ሳምንታት ከቆየብህ ሂድና ሰው አናግር። መንዳት ሥራህ ስለሆነ ይህን ቀልድ አታድርገው። ታካሚ ጠራኝ።

---

ባጃጅ_ማራኪ ፦ ረቡዕ፣ ሌሊት 7፡50

እንቅልፍ ይመጣል ይሄዳል።

ሦስተኛዋን ብያታለሁ። አራተኛም አለች። ያን ቀን ሲያወራ "በቃህ ይደክምሃል" ብዬ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። 11 ደቂቃ ላይ።

---

የድጓ_ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡15

እንዳይደክመው ያቋረጠ ልጅ አባቱን አልበደለም።

---

ቋራ_ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

እናንተ ፍልስፍና ላይ ናችሁ፣ እኔ ሞባይል ጥገና ነው ሥራዬ። ሲምህን አስቀየርክ ወይ? መታወቂያህን ይዘህ ሂድ፣ ያንኑ ቁጥር ያወጡልሃል። ስልኩ ላይ ብቻ የነበረው ቅጂ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፣ ስልኩ ካልተገኘ ጠፍቷል። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ የተላከ ድምፅ ካለ የሚቀመጠው ስልክህ ላይ አይደለም። በቁጥርህ ስትገባ ይመለሳል። አባትህ ቴሌግራም ነበራቸው?

---

ባጃጅ_ማራኪ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡41

እሱ አልነበረውም። በእህቴ ስልክ ነበር አንዳንዴ የሚልክልኝ። ድምፅ እየቀዳ፣ መጻፍ ስለማይወድ።

---

ቋራ_ልጅ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡42

ታዲያ እህትህ ጋ አለ እኮ! ጠይቃት!

---

ባጃጅ_ማራኪ ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡55

እህቴን ስለ አባታችን ካወራኋት ቆየሁ። እንዳላስለቅሳት ብዬ። እሷም አታነሣብኝም።

---

እትዬ_ቡና ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

እሷም አንተን እንዳታስለቅስ ብላ ነው የኔ ሞኝ። ሂድ።

---

ባጃጅ_ማራኪ ፦ እሑድ፣ ማታ 1፡25

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሲሙን ሐሙስ አስቀየርኩ። ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛሁ። ይህን የምጽፈው በእህቴ ስልክ ነው።

ሐሙስ ማታ አዘዞ ሄድኩ፣ እሷ እዚያ ነው የምትኖረው። ሽሮ አቀረበች፣ በላን። እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። ዝም ብዬ "አባባ የላከልኝ ድምፅ ስልክሽ ላይ አለ?" አልኳት። ምንም ሳትል ከፈተች። ደግማ ደግማ ስታዳምጠው ከርማለች፣ በየሌሊቱ፣ ብቻዋን።

ስምንት ናቸው። አብዛኞቹ ሰላምታ ናቸው። አንዱ ስለ በሬ ዋጋ ነው። አንዷ 17 ሰከንድ ናት፦ "አንተ፣ ስትመጣ ለባትሪዬ ሁለት ድንጋይ ይዘህልኝ ና፣ የማታ መንገድ አልታይ ብሎኛል።" ከኋላ በግ ይጮሃል። ያን ጊዜ ረስቼው ነበር፣ ሳልገዛለት ነው የሄድኩት። ባዶ እጄን ስመጣ "ግድ የለም፣ ጨረቃ አለች" ብሎኛል። እሱም ከዚያች ድምፅ ጋር ትዝ አለኝ።

እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። ጎረቤት መጣ። አዲስ ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላ ዘቅዝቀው የመጡ ነበሩ። እህቴ እያለቀሰች እየሳቀች አስረዳቻቸው። ከዚያ እነሱም ቁጭ አሉ፣ ቡና ተፈላ፣ እስከ አምስት ሰዓት ስለሱ ሲያወሩ አመሹ። የማላውቀውን ብዙ ነገር ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ በወጣትነቱ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር አለ። አባቴ! ውሃ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ነበር እኮ እኔ የማውቀው።

አጎቴም ነበር፣ ያ "በርታ" ያለኝ። ሲሄድ በሩ ላይ ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ቆመ። ምንም አላለም። የዘንድሮ ዝምታው ከዚያን ጊዜው ለየት ያለ መሰለኝ፣ እንጃ።

በረንዳ ላይ፣ ያሉኝን አልረሳሁም። ትናንት ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ሽንኩርት ተራን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አላገኘኋትም። ሻጮቹን ጠየቅኩ፣ ሳቁብኝ፤ "ሽንኩርት የገዛች ሴት" ማለት እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እዞራለሁ።

---

በረንዳ_ላይ ፦ እሑድ፣ ማታ 1፡40

አነበብኩት። ሌላ የምለው የለኝም።

---

ኮርኳሪው ፦ እሑድ፣ ማታ 1፡52

እኔም የለኝም፣ ይህ ደግሞ ታሪካዊ ቀን ነው።

---

እትዬ_ቡና ፦ እሑድ፣ ማታ 2፡05

ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ምን ለብሳ ነበር? ቁመቷስ? የት ሰፈር አድርሰኝ አለችህ? እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነኝ።